ጠባሳውን ያስታረቅን ጊዜ

ባጃጅ አልወድም። ይህን ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሳይክል ስጠግን ነው። ይህ ለጥ ያለ ሜዳ ለሳይክል የተፈጠረ አገር ነበርና፣ ሰው ከሮቢት ከጎብዬ ሳይቀር በፔዳል መጥቶ ገበያውን ጨርሶ በሚመለስበት ዘመን እኔ ሱቅ በር ላይ ተራ ይያዝ ነበር። ከዚያ ይቺ ባለ ሦስት እግር ጉድ መጣችና ደንበኞቼን አንድ በአንድ አፍሳ ወሰደቻቸው። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን አንዷ መጥታ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ስትቆም እንደ ልማዴ ፊቴን ላዞር ነበር። ሳላዞር የቀረሁት ከኋላዋ የተለጠፈውን ሥዕል ስላየሁ ነው፤ ካባ የለበሰ፣ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ በሰማይ የሚሄድ ሰው። ልቤ ድንግጥ አለ። ለካ ሰው በስተርጅናም በሥዕል ይደነግጣል።

«ማነው ይሄ?» አልኩት ሾፌሩን። ምላሴ ላይ አልዞር ያለ የፈረንጅ ስም ነገረኝና «ፊልሙን አላዩትም እንዴ አያ መኮንን? የማያሸንፈው የለም እኮ!» አለኝ። «እኛ ዘንድ አንድ ያላሸነፈው ሰው ነበር» አልኩት። ቀልደኛ ሽማግሌ ያገኘ መስሎት ሳቀ። ከኋላ ወንበር የወረደችው ልጅ ግን አልሳቀችም። እኔን ፍለጋ ነበር የመጣችው።

ትዕግሥት ትባላለች። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። በሥዕል የሚተረኩ የጀግና መጽሔቶችን ታሪክ፣ የወደዷቸውንም ሰዎች ታሪክ መጽሐፍ ልታደርገው ነው። እንዲህ ያለ ነገርም መጽሐፍ ይወጣዋል እንዴ ብዬ ብጠይቃት ከቦርሳዋ አንድ ጡብ የሚያህል የፈረንጅ መጽሐፍ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሥዕሎቹን ማን ጀመራቸው፣ ማን አሳተማቸው፣ ማን ገዛቸው የሚል ነው ነገሩ ሁሉ። በውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች፣ ልጆች እንዳይመስሉዎት፣ እንደነዚህ ጀግኖች ለብሰው በአደባባይ ይሰበሰባሉ አለችኝ። ማን ከማን ይበልጣል ብለው ተቧድነው ይከራከራሉ፤ በዚህ የተነሳ የሚኮራረፉም አሉ። ሳቄ መጣ። «እኛ ተኮራርፈን፣ ሽማግሌ ገብቶብን፣ ታርቀናል» አልኳት። እስክሪብቶዋን አወጣች።

የቆቦ ትምህርት ቤት መምህራን «አያ መኮንን ዘንድ አንድ አሮጌ መጽሔት አለ» ብለው ነው የላኳት። እውነታቸውን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ የመጣብን ጊዜ፣ ሰው ወርቁንና የልጁን ዲፕሎማ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብር፣ እኔ መጽሔቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ቀብሬያት ነው የሸሸሁት። ስመለስ ማሽላው የለም፤ እሷ አለች። ከሣጥን አውጥቼ ሰጠኋት። ልጅቱ ገጾቹን በጣቷ ጫፍ ስትገልጥ ዓይኗ በራ። ከዚያ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጣልያንኛ ነው» አለችኝ።

«እህቴ ግን ጥልቅ እንግሊዝኛ ነው ብላን ነበር» አልኩ፤ ቅር ብሎኛል።

ልጅቱ ጨዋ ናት፣ አልተከራከረችኝም። መጨረሻውን ስትገልጥ ግን ቆም አለች። የመጨረሻው ገጽ የለም። ሽፋኑም የለም። «ግድ የለም፤ ይህ ገጽ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። አስታውሰዋለሁ» ብላ ያንን ጡብ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመረች። ያኔ ነው እጇን የያዝኩት። አጥብቄ ነው የያዝኩት፤ ደነገጠች። «ቆይ ልጄ። በዚህ ገጽ የተነሳ በሕይወት ያለ ሰው አለ። መጀመሪያ ላውጋሽ» አልኳት።

ያኔ ቆቦ ትንሽ ነበረች፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሁለት ተርታ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወዲያ ማሽላ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከነዳቦው በስሙኒ ነበር፣ ዳቦውም ዳቦ ነበር፤ የዛሬውን ጉንጭ የማይሞላ ነገር ዳቦ የሚለው ካለ ይበል። እኛ ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ የቴትሮን ሱሪ እናሰፋለን፤ ሰፊው ጨርቅ ሲያጥረው ከጉልበት በታች ሌላ ቀለም ይቀጥልልናል፣ እኛም እንደ ፋሽን እንኮራበታለን። ከላይ ጎፈሬ፣ ከታች ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ትልቁ ቴፕ ሲያንጎራጉር ይውላል፤ ካሴቱ ሲንቀራፈፍ ዘፋኙ የታመመ ይመስል ነበር፣ እኛም እያዘንንለት አብረን እንንቀራፈፋለን። ማሽላው ሲያሽት ከተማው ሁሉ እሸት እሸት ይሸታል። አሁን በዚያ ቦታ በፓምፕ የሚጠጣ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ገንዘብ ያመጣል፣ አልክድም፤ ትዝታ ግን አያመጣም።

መጽሔቷን ያመጣት ጓደኛዬ ሁሴን ነው። ሆርማት ወንዝ ከላይ ዘንቦ ሲሞላ መኪናው ሁሉ ዳር ይዞ ጎርፉ እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ሁሴን ከአስመራ ለሚመጣ አንድ ሾፌር ውኃ ቀድቶ አምጥቶለት፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር መዝዞ መጽሔቷን ሰጠው። ሁሴን እንዳገኛት ይዟት በቀጥታ እህቴ ዘንድ መጣ። «እንዲህ ሆና ነው የሰጠኝ» አለ፤ ሽፋኗም የመጨረሻ ገጿም ተገንጥሏል። እህቴ እትዬ ዘነቡ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከእኛ ሁሉ የተማረች ነበረች። ከትምህርት ቤት ያመጣችው እንግሊዝኛም ለሰፈሩ የሚበቃ ነበር። መጽሔቷን አገላብጣ ዝም አለች፣ እንደገና አገላብጣ ዝም አለች። ከዚያ «ጥልቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ እያልኩ ነው የማነብላችሁ» አለች።

እንዲህ ተጀመረ። በየገበያው ቀን ከሰዓት፣ ገበያው ሲበተን፣ በዚሁ ኒም ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። አንድ ገጽ ብቻ ታነባለች። ለመኑም፣ ተሳደቡም፣ ሁለተኛ ገጽ የለም። መጀመሪያ እኛ ጎረምሶቹ ነበርን። ቆይቶ ሴቶቹ መጡ፣ ቆይቶ አህያ የሚጭኑ ገበሬዎች ጭነታቸውን ትተው ቆሙ። ፍየል ሊሸጡ የመጡ አፋሮች እንኳ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከኋላ ሆነው ሥዕሉን ያዩ ነበር። ካባ የለበሰው ሰው ስም አልነበረውምና ባለካባው አልነው። ባላንጣው ጉንጩ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለበት፤ እሱን ጠባሳው አልነው። አንድ ከዞብል ተራራ የወረዱ አዛውንት «ይህ ሰውዬ ምነው ቁምጣውን ኸሱሪው በላይ ለበሰ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ዘነቡ ሳትደነግጥ «ድረስልን ብለው ሲጠሩት ተጣድፎ ነው አባቴ» አለቻቸው። «እንዲያ ነው ወንድ!» አሉ።

አሁን ትዕግሥት ስትነግረኝ ለካ በዓለም ሁሉ ባለካባው ነው የሚወደደው። እኛ ዘንድ እንዲህ አልሆነም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጠባሳው ከተቃጠለ ቤት ፊት ለፊት ተንበርክኳል፤ ጭሱ መሀል የካባ ጫፍ ይታያል። ይህን ያየ የራያ ሰው ሌላ ምን ይላል? ቤቱን ያቃጠለው ባለካባው ነው፤ ጠባሳው የሚሮጠው ደሙን ሊመልስ ነው። በዚያ ላይ ባለካባው ፊቱን ይሸፍናል። «ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ጀግና የት አገር አለ? ሽፍታ ነው እንጂ!» አሉ የጠባሳው ወገኖች። «ልጅ ኸውኃ ሲያወጣ ደሞ አላያችሁም?» አሉ የባለካባው ወገኖች። እኔ የባለካባው ነበርኩ፤ መብረሩን ወድጄለት ነው እንጂ ስለ ፍርድ የማውቀው አልነበረኝም። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። እኛ የእናቶቻችንን ሻሽ አንገታችን ላይ አስረን ከአገዳ ክምር ላይ እንዘላለን፤ እነሱ ጉንጫቸው ላይ በከሰል ጠባሳ ይሥላሉ። አንድ ሻይ ቤት ገብተን በአንድ ጠረጴዛ አንቀመጥም። የሰርግ ሚዜ ተለዋውጧል፣ ሳይክል ተከልክሏል። እኔ ራሴ ለጠባሳ ወገን ጎማ አልነፋም ብዬ ነበር፤ አባቴ በአለንጋ አስነፋኝ እንጂ።

በዚያ ዓመት የነሐሴው በዓል ሶለል ሲደርስ ደግሞ ልጃገረዶቹ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ከበሮ ሲይዙ ነገሩ ዘፈን ገባ። የወዲያኛው ሰፈር ልጆች፣

ካባህን ዘርጋና ዞብልን ተሻገር፣
ክንፍ ያለው ሰው ወዶ ማን በግር ይቸገር።

ሲሉ የወዲህኞቹ ወዲያው፣

ፊቱን የሸፈነ ምን ብዬ ልጥራው፣
ቁስሉን የማይደብቅ ይሻላል ጠባሳው።

ብለው መለሱ። ከበሮ ሊሰባበር ትንሽ ቀረው። እኔም አፌን ከፍቼ ስስቅ ዓይኔ ሁሴን ላይ ዐረፈ። እሱ አይስቅም። ይቺን ሁለተኛዋን ግጥም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይላታል። ያኔ ነው ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

የሁሴን ታላቅ ወንድም ዓሊ በዚያው ክረምት ተገድሎ ነበር። እዚህ አገር ጎርፍ ሀብት ነው፤ ከተራራው ሲወርድ እየጠለፉ ወደ ማሳ ይመልሱታል፣ ተራም አለው። ዓሊና ሞላ የሚባል ጎረቤቱ በአንድ የጎርፍ ተራ ተጣሉ፤ በትር ተነሳ፣ ዓሊ ወደቀ፣ አልተነሳም። ሞላ ወደ ዞብል ሸሸ። ሁሴን የቤቱ የቀረ ወንድ ልጅ እሱ ነውና ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሆነ። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ስሙን እየጠሩ ገጠሙበት። አጎቱ ምንሽር ጠመንጃ አምጥቶ ትከሻው ላይ አንጠለጠለለት። ፀጉሩን መላጨት ተወ። ከተማው «ጠባሳውን መስሎ ነው» ይል ነበር፤ እኔ ግን ጓደኛው ነኝ፣ አውቃለሁ፤ ደሙን ሳይመልስ ላይላጭ ነው። ፈራሁለት። የገደለ ተመልሶ ከእኛ ጋር ሻይ እንደማይጠጣ አውቅ ነበር። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጡ፤ ሁለት ጊዜም ሁሴን በጓሮ ወጥቶ ጠፋባቸው።

ከቤተሰቡ ማንንም አይሰማም ነበር፣ የእትዬ ዘነቡን ንባብ ግን አንድም ቀን አላስቀረም። ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከፊት ይቀመጣል። ማሽላው ፍሬው ከብዶት እያዘነዘነ ሲመጣ መጽሔቷም እያለቀች መጣች። በቀረን በመጨረሻው ሥዕል ላይ ሁለቱ ድልድይ ላይ ናቸው። ጠባሳው በአንድ እጁ የድልድዩን ጠርዝ ይዞ ወንዙ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ባርኔጣውን እንዳጠለቀ። ባለካባው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘርግቷል። ሊያወጣው ይሁን ሊገፋው አይታወቅም። እዚያ ላይ ያልቃል። እትዬ ዘነቡ ሥዕሉን ለሁሉም አዙራ አሳየችና «የቀረውን በሚቀጥለው ገበያ» ብላ ተነሳች። ሁሴን «መጨረሻው ምንድን ነው እትዬ?» አላት። ድምፁ ልክ አልነበረም። «በሚቀጥለው ገበያ አልኩህ» አለችው።

ቤት ስንገባ «ምን ልታነቢ ነው? ገጹ እኮ የለም!» አልኳት። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። «መች አንብቤ አውቃለሁ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ኸመጀመሪያው ጀምሬ አንድም ቃል አልገባኝም። ሥዕሉን እያየሁ ነው የማወራው።» ክው አልኩ። ከዚያ ቀና ብላ «ይህን ልጅ አይተኸዋል? ያ ሰውዬ ኸድልድዩ ከወደቀ እሱም ዞብል ወጥቶ ሞላን ይገድላል። ወይ ሞላ ይገድለዋል። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ። አላልኩም። ዛሬ እስክናገር ድረስ ለሚስቴ እንኳ አላልኩም።

የዚያን ገበያ ቀን የነበረውን ያህል ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ተሰብስቦ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እትዬ ዘነቡ መጽሔቷን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ያዘቻት፤ ማንም ሥዕል አያይም። «ባለካባው እጁን እንደዘረጋ» ብላ ጀመረች፣ «ኸድልድዩ ማዶ ድምፅ መጣ። የዚያ አገር ሽማግሌዎች ናቸው። ‹ተዉ፣ ሁለታችሁም የኛ ናችሁ› አሉ።» ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ «የትኛውም ገጽ ላይ ሽማግሌ አላየንም እኮ!» አለ። «የተከበረ ሽማግሌ ሥዕል አይወድም» አለችው። ቀጠለች። ባለካባው ጠባሳውን ስቦ አወጣው። ከዚያ ካባውን አወለቀ፣ የፊቱን ጨርቅ አወለቀ፤ ለካ እሱም ሰው ነው፣ ለካ ዓይኑ ያበጠ፣ ብዙ ያላንቀላፋ ሰው ነው። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ጠባሳው እግር ሥር ወደቀ። የእኛ ወገን ተንጫጫ፤ «ምን አጥፍቶ!» ያለ አለ። «ቤቱን ማን አቃጠለውና!» ሲሉ የጠባሳ ወገኖች መለሱ። እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ስታደርግ ሁሉም ጸጥ አለ። «ጠባሳውም ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ማንም አላጣደፈውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳለት።»

መጽሔቷን ዘጋች። ከዞብል የወረዱት አዛውንት እያለቀሱ ነበር። እኔም አለቅስ ነበር፤ ፈጠራ መሆኑን እያወቅሁ ነበር የማለቅሰው። ሁሴን ተነሳ፣ ምንሽሩን አነሳ፣ ማንንም ሳያናግር ሄደ። የሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ዞብል ነው ወይ ብዬ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ወደ ቤቱ ታጠፈ። በሳምንቱ ፀጉሩን ተላጭቶ አየሁት። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ቤቱ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አብሮ ነበር፣ እንደ ልማዳችን። ሞላ ከዞብል ወረደ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ። ሁሴን ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳለት። ቆይቶ የሁሴን ልጅ የሞላን ልጅ አገባች። ሁሴንም ራሱ ሸመገለና አገር የሚጠራው አስታራቂ ሆነ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ደም የተፈላለጉ ጎረምሶች ፊት በቆመ ቁጥር የሚያነሳት ምሳሌ ደግሞ አንዲት ናት፤ «እንኳን እናንተ ጠባሳው ታርቋል!»

ይህን ሁሉ ለትዕግሥት አወጋሁላት። «አሁን ገባሽ?» አልኳት። «ይህ መጽሐፍ ወጥቶ አንዱ ለሁሴን ቢያነብለት፣ ያ ሁሉ የእህቴ ፈጠራ መሆኑን ቢያውቅ፣ በስተርጅናው ምን ይሰማዋል?» ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ካልፈቀዱ አልጽፈውም» አለችኝ። «ግን እሳቸውን ሳልጠይቅ ብተወውም ልክ አይመስለኝም።» ሐቋን ነው። ቅር እያለኝ፣ ያንን ባለካባ የተለጠፈበትን ባጃጅ ራሴ ጠራሁት። አገር ይፍረደኝ፣ በሕይወቴ የከፈልኩበት የመጀመሪያ ባጃጅ እሱ ነው።

የሁሴን ቤት ሆርማት አጠገብ ነው። ደጁ ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። «ኸዬት መጣሽ የኔ ልጅ? ግቢ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ተቀበላት፣ ለእኔ ደግሞ «አንተን በባጃጅ ያሳየኝ አላህ ምን ያደርጋል!» አለኝ። ለምን እንደመጣች ስትነግረው ሳቀ፤ ጥርሶቹ አልቀዋል፣ ሳቁ ግን አላለቀም። ከዚያ እሷ በቀስታ፣ የመጨረሻው ገጽ በዚህ መጽሐፍ ላይ እንደሚገኝ፣ ማየት ካልፈለገ እንደማታሳየው ነገረችው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። «አምጪው እስቲ» አለ።

ዓይኑ ደክሟል። በስልኳ ፎቶ አንስታ አጎላችለት፤ ቢጎላ ጊዜ የገጹ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው የሚታየው። ድልድዩ ባዶ ነው። ጠባሳው የለም። ባለካባው ብቻውን ቆሟል፣ እጁ እንደተዘረጋ። ሁሴን ብዙ አየው።

«እስቲ ወደ ታች አውርጅው» አላት። «እታች ውኃው ላይ ባርኔጣው ይንሳፈፋል።»

ትዕግሥት በጣቷ ገፋችው። ወንዙ መጣ። ባርኔጣው ውኃው ላይ ነበር።

እኔና እሷ ተያየን። ሁሴን ስልኩን መለሰላት። «ወላሂ ሳትለወጥ ነው ያለችው» አለ። «የሾፌሩ መጽሔት ሙሉ ነበረች መኮንን። እዚያው ሆርማት ዳር ሆኜ አገላብጬ ጨረስኳት። ወንድሜ ኸሞተ ገና ወሩ ነው። ይህን ሳይ የወደቀው አይደለም ያስፈራኝ። የቆመውን አየሁት። አሸንፎ ያ ብቻውን መቆሙ! ገድዬ ስመለስ እኔም እንዲህ ነው የምቆመው አልኩ። ገነጠልኩና ለጎርፉ ሰጠሁት። ኸዚያ ወደ እህትህ ወሰድኳት።»

«ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው ብለህ ስትጠይቃት...»

«ሌላ እንድትሰጠኝ ነበራ!» አለ። «ሽማግሌ አልሰማ ብዬ፣ እናቴን አልሰማ ብዬ፣ ኸልቤ መታረቅ ፈልጌ፣ እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት? ሰው ምን ይለኛል? እሷ ጨረሰችልኝ። አላህ ይዘንላት። ታውቅብኝ ይሁን አታውቅብኝ፣ እኔንጃ፤ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።»

እኔ ለእሱ ብዬ፣ እሱ ለእሷ ብሎ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ዝም። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ማልቀሱ ቀደመ። ትዕግሥት «አያ ሁሴን፣ በመጽሐፌ ላይ የትኛውን መጨረሻ ልጻፍ?» አለችው።

«ሁለቱንም ጻፊው» አላት። «የተሳለው ያ ነው፤ የሆነው ግን ይኼኛው ነው በይበት።»

ያን ጊዜ በአጥሩ በር አንድ ሽማግሌ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ፣ እሸት ማሽላ በክንዱ አቅፎ። ሞላ ነው። ማሽላውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ለሁላችንም ሰላምታ ሰጠና «ምን ይዛችሁ ነው እንዲህ የተሰበሰባችሁ?» አለ። ሁሴን «ና እስቲ፣ አንተም እየው» ብሎ ስልኩን ከልጅቱ ተቀብሎ ሰጠው። ሞላ ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው፣ ከፀሐዩ ከለለው። ድልድዩን አየ፣ ካባውን አየ፣ የተዘረጋውን እጅ አየ።

«ምስኪን!» አለ። «ሰው የለውም እንዴ ይሄ?»

ሁሴን መደቡ ላይ ጠጋ አለለት።